መንገደኛውና አሳዳሪው
(በሬዲዮ ከተነገረው የተወሰደ)



የሰው ልጅ ከአገሩ ወጥቶ ወደ ሰው አገር የሚሄድበት ምክንያት ብዙ ነው። ነጋዴ ለትርፍ፣ ተማሪ ለትምህርት፣ ተሳላሚ ለጸሎት፣ መልእክተኛ ለመንግሥት ጉዳይ ይጓዛል። ከነዚህ ሁሉ የተለየ፣ በእኛም ከተሞች አልፎ አልፎ የምናየው ሌላ ዓይነት መንገደኛ ደግሞ አለ። ይህ መንገደኛ ልብሱን፣ የመኝታ ከረጢቱንና ጥቂት ስንቁን በአንድ ትልቅ ሻንጣ አድርጎ በጀርባው ያዝላል። በትልቅ ሆቴል አያድርም፤ በግል አውቶሞቢል አይሄድም፤ ሲመቸው በእግሩ፣ ሳይመቸው ከአገሬው ሰው ጋራ በአውቶቡስና በባቡር ተጋፍቶ ይጓዛል። የኪሱ ገንዘብ ጥቂት፣ ጊዜው ግን ብዙ ነው።

ይህን መንገደኛ አይቶ «ምን ጐድሎት ነው በሰው አገር የሚንከራተተው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ መልስ ያስፈልገዋል። ተራራውን ለማየት ነው እንዳንል የተራራው ሥዕል በየቤቱ አለ። የከተማውን ሕንጻና የቤተ መንግሥቱን ወርቅ ለማየት ነው እንዳንል ፊልሙ በየዕለቱ ይታያል። በሥዕልም ሆነ በፊልም ሊመጣ የማይችለው ግን ማንም በማያውቀን አገር፣ በመሸ ጊዜ፣ በር የሚከፍትልንን ሰው ማግኘት ነው። ከጉዞ የተመለሰ ሰው ያየውን ሐውልት ዘርዝሮ ሳይጨርስ ያሳደሩትን ሰዎች ማንሣት የሚጀምረው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ በዛሬው ንግግራችን ልናስረዳ የምንፈልገው ይህን ነው፤ የመንገደኛው ጉዞ ፍሬ የሚያፈራው ከቦታቸው ባልተንቀሳቀሱ ሰዎች ልግስና ነው፤ እነዚህም ሰዎች በመንገደኛው ላይ የሚጠይቁት መብት አላቸው። ነገሩን ግልጽ ለማድረግ ከልዩ ልዩ አገሮች የተገኙ ምሳሌዎችን እናቀርባለን። የምንጠራቸውም ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ሻንጣ አዝሎ በእግር የመጓዝን ልማድ በሥርዓት ካቋቋሙት ሰዎች መካከል ስማቸው በመጀመሪያ የሚነሣው ሪቻርድ ሺርማን የተባሉት የጀርመን አገር የትምህርት ቤት መምህር ናቸው። ሺርማን ልጆችን በክፍል ዘግቶ ከማስተማር ይልቅ ወደ ጫካና ወደ ወንዝ እየወሰዱ ማስተማርን የሚመርጡ ሰው ነበሩ። በ1909 ዓ.ም. በኦገስት ወር ተማሪዎቻቸውን አስከትለው፣ ከአልቴና ከተማ ተነሥተው ወደ አኸን የሚወስደውን የስምንት ቀን የእግር መንገድ ሲጓዙ፣ ብሮል በተባለው ሸለቆ ኃይለኛ ዝናብና ነጐድጓድ ያዛቸው። በአቅራቢያው የነበረው የመንደር ትምህርት ቤት ኃላፊ አንድ ክፍል ከፈቱላቸው፤ አንድ ገበሬም የሚተኙበትን ጭድና ለራት የሚሆን ወተት ሰጣቸው። ልጆቹ ተኙ፤ መምህሩ ግን ሌሊቱን ሙሉ የሚወርደውን ውርጅብኝ እያዳመጡ ሲያስቡ አደሩ። ሐሳባቸውም እንዲህ የሚል ነበር፦ በየመንደሩ ያሉት ትምህርት ቤቶች በዕረፍት ወራት ባዶአቸውን ይቀመጣሉ፤ አንዱ ከሌላው የአንድ ቀን የእግር መንገድ በሚርቅ ስፍራ ለወጣቶች ማደሪያ ቢዘጋጅ፣ ገንዘብ የሌለውም ልጅ አገሩን በእግሩ ዞሮ ማየት ይችላል።

ይህ ሐሳብ በሐሳብነት አልቀረም። በ1912 ዓ.ም. በአልቴና በሚገኘው አሮጌ ግንብ ውስጥ የመጀመሪያው ቋሚ የወጣቶች ማደሪያ ቤት ተከፈተ። የጥንቶቹ ክፍሎች ተደራራቢ የእንጨት አልጋዎቻቸው እንዳሉ ሆነው እስከ ዛሬ በሙዚየምነት ይታያሉ። ታሪክ የመምህሩን ስም ጠብቆ አቆይቶታል። ጭዱንና ወተቱን የሰጠው ገበሬ ግን እንደ ሌሎቹ አሳዳሪዎች ሁሉ «አንድ ገበሬ» ከመባል አላለፈም። ይሁን እንጂ የነገሩን ሥር ስንመረምር፣ በኋላ በብዙ አገሮች የተስፋፋው የማደሪያ ቤቶች ማኅበር የተጸነሰው በዚያ ገበሬ ጭድ ላይ መሆኑን እናገኛለን።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣና ሺርማን ወታደር ሆነው በቮዥ ተራሮች ግንባር ከፈረንሳዮች ፊት ለፊት ተሰለፉ። በ1915 ዓ.ም. የልደት በዓል ሲደርስ ከጦሩ በስተጀርባ ባሉት መንደሮች የቤተ ክርስቲያን ደወል ሲደወል፣ የሁለቱ ወገኖች ወታደሮች ያለ አለቃ ትእዛዝ ተኩስ እንዳቆሙ ሺርማን ራሳቸው ጽፈዋል። ወታደሮቹ በተተዉት የምሽግ መተላለፊያዎች እየተገናኙ፣ ፈረንሳዮቹ ወይንና ሲጋራ፣ ጀርመኖቹም የአገራቸውን ጥቁር ዳቦና የአሳማ ሥጋ ተለዋወጡ። መምህሩም ይህን አይተው፣ የየአገሩ ወጣቶች ለመዋጋት ከመገናኘታቸው በፊት ለመተዋወቅ የሚገናኙበት ስፍራ ቢኖር ምን ያህል በጎ ነገር በሆነ ነበር ብለው አሰቡ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በ1919 ዓ.ም. መላውን ጀርመን የሚያጠቃልል የወጣቶች ማደሪያ ቤቶች ማኅበር አቋቋሙ፤ በ1932 ዓ.ም. የልዩ ልዩ አገሮች ማኅበራት በአምስተርዳም ተሰብስበው ዓለም አቀፍ ማኅበር መሠረቱ።

ማደሪያ ቤቶቹ የሚሠሩበት ደንብ ቀላል ነበር። የጋራ መኝታ ክፍል፣ የጋራ ወጥ ቤትና የጋራ ገበታ አላቸው። ያደረ ሰው አልጋውን ያነጥፋል፤ የበላበትን ያጥባል፤ ክፍሉን ጠርጎ ይሄዳል። ቤቱን የሚጠብቁት ባልና ሚስት በጀርመንኛ «የማደሪያው አባት» እና «የማደሪያው እናት» ይባሉ ነበር። አጠራሩ ብቻውን ብዙ ያስረዳል፤ እንግዳው ዕቃ ገዢ፣ እነሱም ሻጭ አልነበሩም። ሺርማን ያሰቡት መተዋወቅ የሚፈጸመውም በዚያ የጋራ ገበታ ላይ ነበር።

ሆኖም ቤት ብቻውን ሰላምን አያመጣም። የናዚ መንግሥት በ1933 ዓ.ም. ሥልጣን በያዘ ጊዜ የጀርመንን ማደሪያ ቤቶች የሂትለር ወጣቶች ከተባለው ድርጅት ሥር አደረጋቸው፤ ሺርማንም በ1936 ዓ.ም. የዓለም አቀፉን ማኅበር የሊቀ መንበርነት ሥራቸውን እንዲለቁ ተገደዱ። አልጋው ያው አልጋ፣ ግንቡም ያው ግንብ ሆኖ ሳለ ወጣቱን የሚቀበለው ሰውና የሚቀበልበት መንፈስ ተለወጠ። ስለዚህ የጉዞ ጥቅም የሚለካው በተገነባው ማደሪያ ብዛት ሳይሆን በበሩ ላይ በቆመው ሰው ልብ መሆኑን ከዚህ እንማራለን። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለፈ በኋላ ሺርማን የፈረሰውን ማኅበር መልሶ በማቋቋም ሲረዱ ቆይተው በ1961 ዓ.ም. ዐረፉ።

ከዚሁ ሁለተኛ ጦርነት በኋላ በ1949 ዓ.ም. ቦብ ሉይትዋይለር የተባሉ አሜሪካዊና ጓደኞቻቸው በዴንማርክ አገር ሌላ ማኅበር ጀመሩ። ይህ ማኅበር በኋላ «ሴርቫስ» ተብሏል፤ ቃሉ ኤስፔራንቶ ከተባለው ዓለም አቀፍ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን ከማገልገል የመጣ ነው። የማኅበሩ አባል የሆነ መንገደኛ አስቀድሞ በአገሩ ተጠይቆና ተመርምሮ የመግቢያ ደብዳቤ ይሰጠዋል፤ ደብዳቤውን ይዞ በሌላ አገር ከሚገኝ አባል ቤት ሲደርስ ያለ ክፍያ ይስተናገዳል። ልማዱ ሁለት ሌሊት ነው። እንግዳው ከቤተ ሰቡ ጋራ ይበላል፤ ከቤተ ሰቡ ጋራ ይጫወታል፤ ቤቱን እንደ ነጻ ሆቴል ቈጥሮ ማታ ገብቶ ጠዋት መውጣት ግን ነውር ነው። የኮምፒዩተር መገናኛ ከተስፋፋ በኋላም በ2004 ዓ.ም. ይህን የሚመስል ሰፊ ድርጅት በአሜሪካ ተቋቁሞ ብዙ ወጣቶችን በነጻ ሲያገናኝ ቆይቶ በ2020 ዓ.ም. ከአባላቱ ገንዘብ መቀበል ጀምሯል። ልግስናን በማኅበር ማደራጀት ይቻላል፤ ነገር ግን ገንዘብ ሲገባበት ጠባዩን እንዳይለውጥ ሁልጊዜ ጥበቃ ያሻዋል።

ከማኅበር ወደ ጥንታዊ መንገድ እንሻገር። በስጳኝ አገር ምዕራባዊ ዳር ሳንቲያጎ ዴ ኮምፖስቴላ የተባለች ከተማ አለች። የዘብዴዎስ ልጅ የሐዋርያው ያዕቆብ ዐጽም በዚያ እንዳለ ስለሚታመን፣ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የአውሮፓ ተሳላሚዎች በእግራቸው ይሄዱባት ነበር። ከፈረንሳይ ጠረፍ የሚነሣው መንገድ ብቻ ወደ 800 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ይህ መንገድ በኋለኛው ዘመን ተረስቶ፣ በብዙ ስፍራ ዳዋ ውጦት ነበር። ኦ ሴብሬይሮ በተባለው የተራራ መንደር የነበሩት ካህን ኤሊያስ ቫሊኛ ግን ስለዚህ መንገድ ሲያጠኑና ሲጽፉ ቆይተው፣ በ1984 ዓ.ም. ቢጫ ቀለም በአውቶሞቢላቸው ጭነው በየመገንጠያው፣ በየድንጋዩና በየግንዱ ላይ መንገደኛውን የሚመራ ቀስት ይሥሉ ጀመር። ካህኑ በ1989 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ቢጫው ቀስት ግን እስከ ዛሬ የመንገዱ ምልክት ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ በዓመት መንገዱን ፈጽመው የምስክር ወረቀት የተቀበሉት ተሳላሚዎች ሦስት ሺህ አይሞሉም ነበር፤ በ2023 ዓ.ም. ግን ቁጥራቸው ከ400,000 አልፏል።

በዚህ መንገድ ላይ መንገደኞችን የሚቀበሉ፣ በአገሩ ቋንቋ «ኦስፒታሌሮ» የሚባሉ ሰዎች አሉ። ከነዚህም ብዙዎቹ ራሳቸው አንድ ጊዜ መንገዱን በእግራቸው ሄደው የተቀበሉትን ደግነት ለመመለስ የዕረፍት ጊዜአቸውን ሠውተው ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ ናቸው። ወለል ይጠርጋሉ፤ ራት ያበስላሉ፤ እግሩ የቈሰለውን ያክማሉ፤ በማግስቱም ሸኝተው ለሚቀጥለው እንግዳ ቤቱን ያዘጋጃሉ። በአንዳንዶቹ ማደሪያዎች የተወሰነ ዋጋ የለም፤ በበሩ አጠገብ ሣጥን ተቀምጦ ሁሉም እንደ ችሎታው ይጥልበታል። የዚህ አሠራር ምሥጢር ዛሬ ያደረው ሰው የሚከፍለው ነገ ለሚያድረው መሆኑ ነው። ስለዚህ «በነጻ ነው» ብሎ ምንም ሳይሰጥ የሚሄድ ሰው የሚጐዳው አሳዳሪውን ብቻ ሳይሆን ከኋላው የሚመጣውን የማያውቀውን መንገደኛ ጭምር ነው።

ይህን የመሰለ ልማድ በክርስቲያኖች አገር ብቻ የሚገኝ አይደለም። በጃፓን ሺኮኩ በተባለችው ደሴት ላይ 88 የቡድሃ ቤተ መቅደሶችን የሚያያይዝ፣ ርዝመቱ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ የተሳላሚዎች መንገድ አለ። መንገዱ ከ774 እስከ 835 ዓ.ም. በነበሩት፣ ኮቦ ዳይሺ በሚባሉት መነኵሴ ስም የታወቀ ነው። የደሴቲቱ ሰዎች መነኵሴው ከእያንዳንዱ ተሳላሚ ጋራ አብረው ይሄዳሉ ብለው ስለሚያምኑ፣ ለመንገደኛው የሚሰጡትን ለእሳቸው እንደ ሰጡት ይቈጥሩታል። ስለዚህ አንዲት አሮጊት ከቤታቸው ወጥተው ለማያውቁት መንገደኛ ብርቱካን፣ ሻይ ወይም ጥቂት ሳንቲም ቢሰጡ የሚያስደንቅ አይደለም። ይህ ስጦታ «ኦሴታይ» ይባላል። አብርሃም በድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ ሳለ የመጡትን እንግዶች እግር አጥቦ፣ ጥጃ አርዶ እንዴት እንደ ተቀበለ ከልጅነታችን ጀምሮ ለሰማን ለእኛ የዚህ ነገር ትርጓሜ ሩቅ አይሆንብንም።

በሺኮኩ ልማድ ውስጥ ግን ልብ ልንለው የሚገባ ሌላ ቁም ነገር አለ። ተሳላሚው የተሰጠውን ስጦታ አልቀበልም ማለት አይገባውም፤ ከተቀበለም በኋላ ስሙንና አድራሻውን የጻፈበትን ትንሽ ወረቀት ለሰጪው ይሰጣል። ወረቀቱ በገንዘብ አንዳች አያወጣም። ነገር ግን ተቀባዩ «እኔ እገሌ ነኝ፤ ከዚህ ቦታ መጥቼ ከእጅዎ በላሁ» ብሎ የመሰከረበት ነው። መስጠት ክብር እንደ ሆነ ሁሉ በአግባቡ መቀበልም ክብር መሆኑን ይህ ያስረዳል። ስም ሳይናገሩ በልቶ መሄድ፣ የአሳዳሪንም ስም ሳይጠይቁ መሰናበት የተሰጠውን ክብር መልሶ መሬት ላይ እንደ መጣል ይቈጠራል።

የእኛ አገር ሰዎችም በባዕድ አገር የመንገደኝነትን ዕድል የቀመሱት ከጥንት ጀምሮ ነው። የኢትዮጵያ መነኮሳትና ተሳላሚዎች በበረሃና በባሕር አልፈው ኢየሩሳሌም ይደርሱ፣ አንዳንዶቹም እስከ ሮም ይዘልቁ እንደ ነበር የታወቀ ነው። በሮም ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ የሚገኘው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ለነዚህ መንገደኞች ማደሪያ ሆኖላቸው ነበር። ዮሐንስ ፖትከን የተባሉ ጀርመናዊ ካህን በዚያ ቤት የኢትዮጵያ መነኮሳት በግዕዝ ሲዘምሩ ሰምተው ስለ ተደነቁ፣ ከእነሱ ፊደሉንና ቋንቋውን ተምረው በ1513 ዓ.ም. መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ በሮም አሳተሙ። በማተሚያ መኪና የታተመው የመጀመሪያው የግዕዝ መጽሐፍ ይህ ነው።

ከዚህም በኋላ በ1649 ዓ.ም. ሂዮብ ሉዶልፍ የተባሉት ጀርመናዊ ሊቅ የመካነ ሥላሴውን ተወላጅ አባ ጎርጎርዮስን በዚያው በሮም አገኟቸው። ሉዶልፍ ግዕዝን ከመጽሐፍ እንጂ ከሰው አንደበት አልተማሩትም ነበርና በመጀመሪያ መነጋገር አስቸግሯቸው ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን ተግባቡ። በ1652 ዓ.ም. አባ ጎርጎርዮስ በመስፍኑ ኤርንስት ግብዣ ወደ ጎታ ከተማ ሄደው፣ ስለ አገራቸው ታሪክ፣ ሥርዓትና ቋንቋ ለሉዶልፍ አስረዱ። ሉዶልፍ በ1681 ዓ.ም. ያሳተሙት የኢትዮጵያ ታሪክና በ1698 ዓ.ም. ያሳተሙት የአማርኛ ሰዋስው ከዚህ ወዳጅነት የተገኙ ፍሬዎች ናቸው። አባ ጎርጎርዮስ ግን ይህን ሳያዩ በ1658 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ መርከብ ተሰብሮ ባሕር ላይ ሞቱ። በዚህ ታሪክ ውስጥ እንግዳው ማን፣ አስተናጋጁስ ማን እንደ ነበር ለይቶ መናገር ያስቸግራል። አንዱ ማደሪያና ምግብ ሰጠ፤ ሌላው ቋንቋና ዕውቀት ሰጠ። መልካም ጉዞ ማለት እንዲህ ያለው ሁለቱም ወገኖች የሚሰጡበትና ሁለቱም የሚቀበሉበት ነው።

አሁን ደግሞ ነገሩ ከባድ ወደሚሆንበት ስፍራ እንምጣ። የኔፓል አገር ተራሮች ሻንጣ አዝለው ለሚጓዙ ሰዎች ከዓለም ሁሉ ይልቅ የታወቁ ናቸው። በአናፑርና ተራራ ዙሪያ ያለው መንገድ ቶሮንግ ላ በተባለው 5,416 ሜትር ከፍታ ባለው መተላለፊያ ላይ ያልፋል። በመንገዱ ዳር ያሉት ቤተ ሰቦች በቤታቸው ሻይ እያፈሉ፣ ሩዝና ምስር እየቀቀሉ፣ አልጋ እያዘጋጁ መንገደኛውን ያሳድራሉ። ዳሩ ግን በዚያ የሚጓዙት ብዙዎቹ የውጭ አገር ሰዎች የራሳቸውን ሻንጣ አያዝሉም። ሻንጣውን የሚያዝለው በቀን ሒሳብ የተቀጠረ ተሸካሚ ነው። ተሸካሚው ሸክሙን ከቀርከሃ በተሠራ ቅርጫት አድርጎ፣ ማንገቻውን በግንባሩ ላይ አሳልፎ፣ አንገቱን አቅንቶ ዳገቱን ይወጣል።

ብዙ ሰው ተሸካሚው የተራራው ልጅ ስለ ሆነ ብርዱና የአየሩ መሳሳት አይጐዳውም ብሎ ያስባል። ይህ ስሕተት ነው። ከተሸካሚዎቹ ብዙዎቹ ከዝቅተኛው አገር የመጡ ገበሬዎች ስለ ሆኑ፣ ከፍታው እንደ ባዕዱ ሁሉ እነሱንም ያሳምማቸዋል፤ ልብሳቸውም ከእንግዳው ልብስ የሳሳ ነው። በ1997 ዓ.ም. አንድ ወጣት ተሸካሚ በተራራው ላይ ከሞተ በኋላ ለተሸካሚዎች ደኅንነት የሚከራከር ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩ የሚጠይቀው ነገር ብዙ አይደለም፤ ተሸካሚው ለብርዱ የሚገባ ልብስ፣ የሚያድርበት መጠለያና ምግብ እንዲያገኝ፣ በታመመም ጊዜ ብቻውን ወደ ታች እንዳይሰደድ ነው። በ2014 ዓ.ም. በኦክቶበር ወር በቶሮንግ ላ አካባቢ ድንገተኛ የበረዶ ማዕበል በተነሣ ጊዜ ከ40 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ መካከል ከሩቅ አገር የመጡ መንገደኞችም፣ መንገድ መሪዎችና ተሸካሚዎችም ነበሩ። በረዶው አሠሪና ተቀጣሪ ብሎ አልለየም።

ከዚሁ አገር የሚያበረታታም ምሳሌ አለ። በ1994 ዓ.ም. ፖካራ በምትባለው ከተማ ሦስት እኅትማማቾች ሴቶችን የተራራ መንገድ መሪዎች እንዲሆኑ የሚያሠለጥንና የሚያሠማራ ድርጅት ከፈቱ። ሥራው ለወንዶች ብቻ የተተወ በነበረበት ጊዜ ብዙ የገጠር ሴቶች በዚህ አማካይነት ቋንቋ ተምረው፣ የራሳቸውን ገንዘብ አግኝተው፣ ለቤተ ሰባቸው ተርፈዋል። መንገደኛው በመረጠው መሪና በከፈለው ዋጋ የአንድን መንደር ኑሮ ሊያቀና ወይም ሊያጣምም እንደሚችል ይህ ያስገነዝበናል።

በአገራችንም ቢሆን እንዲህ ያለው ነገር እንግዳ አይደለም። አየርላንዳዊቷ ደራሲ ዴርቭላ መርፊ በ1966 ዓ.ም. መጨረሻ መጥተው፣ ጓዛቸውን በበቅሎ ጭነው፣ ከሰሜን ተነሥተው በስሜን ተራሮች በኩል እስከ አዲስ አበባ በእግራቸው ተጉዘዋል፤ መጽሐፋቸውንም በ1968 ዓ.ም. አሳትመዋል። ያን ሁሉ መንገድ ሲጓዙ በብዙ ስፍራ ያደሩት በገበሬዎች ቤት ነበር። ወደ ኋላም በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ በላስታና በመቄት ደጋ የገጠር ማኅበረ ሰቦች የራሳቸውን የእንግዳ ጎጆዎች ሠርተው፣ በእግራቸው የሚጓዙ ጎብኚዎችን ማሳደርና ገቢውን ለመንደራቸው ጉዳይ ማዋል ጀምረው ነበር። «የመሸበት እንግዳ ነኝ» ሲባል «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ የሚመልስ ሕዝብ ይህን ሥራ ለመልመድ ብዙ ጊዜ አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ ግን አንድ የማይካድ እውነት መናገር ይገባናል። የዓለም በሮች ለሁሉ እኩል የተከፈቱ አይደሉም። አንድ የአውሮፓ ወጣት ሻንጣውን አዝሎ ብዙ አገሮችን ያለ ቪዛ ያቋርጣል፤ ልብሱ ቢያድፍና ጫማው ቢቀደድ «አገር ወዳድ ጎብኚ» ይባላል። የእኛ አገር ወጣት ግን ያንኑ ለማድረግ ቢፈልግ የባንክ ሒሳቡን፣ የመመለሻ ቲኬቱንና የሚያድርበትን ቤት ስም በወረቀት እንዲያቀርብ ይጠየቃል፤ ይህን ሁሉ አሟልቶም «አትገባም» ሊባል ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ ከባለጸጋ አገር የመጡ አንዳንድ ወጣቶች በድኻ አገር ጎዳና ላይ ተቀምጠው ለጉዞአቸው ማስቀጠያ ገንዘብ ሲለምኑ ታይተዋል። ከድኻ ሰው ማዕድ በፍቅር የቀረበውን መብላት ክብር ነው፤ እያለው የድኻን መቀነት ማስፈታት ግን ነውር ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ በመሥሪያ ቤት ተቀምጦ ለሚሠራው አድማጫችን ምን ይጠቅመዋል? በእኛ እምነት ብዙ ይጠቅመዋል። ወደ አንድ አገር የሚገባ መንገደኛ አስቀድሞ የሚያገኘው አሳዳሪ ባለ ጎጆው ገበሬ አይደለም። በጠረፍና በአውሮፕላን ጣቢያ ማኅተም የሚመታው፣ በፖስታ ቤት መስኮት ቴምብር የሚሸጠው፣ በክፍለ አገር ጽሕፈት ቤት መንገድ የሚያመለክተው የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ይህ ሠራተኛ ቀና ብሎ በአክብሮት ቢያነጋግረው መንገደኛው የአገሩን በር ተከፍቶ አገኘው ማለት ነው፤ ሳያየው «ነገ ተመለስ» ቢለው ደግሞ ተራራው ቢያምርም፣ ታሪኩ ቢጠለቅም፣ ያ ሰው የሚያስታውሰው መስኮቱን ነው። ይህም ለውጭ አገር ሰው ብቻ የሚደረግ አይደለም። ከሩቅ ወረዳ ጉዳዩን ይዞ፣ ስንቁን ቋጥሮ፣ ብዙ መንገድ በእግሩና በአውቶቡስ ተጉዞ የመጣው ባለ ጉዳይም መንገደኛ ነው፤ ከባዕዱ ይልቅም የደከመው እሱ ነው።

ለሚጓዘውም ሰው የምንሰጠው ምክር አጭር ነው። የሚሄድበትን አገር ሰላምታና ምስጋና በአገሩ ቋንቋ አስቀድሞ ይማር። ያሳደሩትን ሰዎች ስም ጠይቆ ይያዝ፤ ሳያስፈቅድ ፎቶግራፍ አያንሣ። የሸክሙን ዋጋ ሳያጓድል ይክፈል፤ ሸክሙን የሚያዝልለት ሰው ካለም ያ ሰው በምን ለብሶ፣ የት እንዳደረ ይወቅ። ከተሰጠው ቀን አልፎ አይቈይ። አገሩም ከገባ በኋላ ደብዳቤ መጻፍን አይርሳ፤ በሰው አገር ያገኘውንም ደግነት በራሱ ደጃፍ ለሚቆመው መንገደኛ ይመልስ፤ ላሳደረው ሰው በእጁ ሊመልስለት የማይችለው ብድር በዚህ መንገድ ይከፈላልና።

የደግነት መንገድ አንዱ ለሌላው እያስተላለፈ የሚሄድ ነው። በብሮል ሸለቆ ወተት የሰጠው ገበሬ ያሳደራቸው ልጆች ተመልሰው ወተቱን አልከፈሉትም፤ ነገር ግን ከዚያ ሌሊት የተነሣ በየአገሩ እጅግ ብዙ ወጣቶች ማደሪያ አግኝተዋል። ከአድማጮቻችን መካከል ሻንጣ አዝሎ የሩቅ አገር ተራራ የሚወጣው ምናልባት ጥቂቱ ነው። በር የመክፈት ዕድል ግን ለእያንዳንዳችን በየቀኑ ይደርሰናል። ይህን ዕድል በከንቱ እንዳናሳልፈው በማሳሰብ ንግግራችንን በዚሁ እንፈጽማለን።